«ስገዛው አክቲቬት ነበር»፦ ከወራት በኋላ ጽሑፍ ስላወጣው ላፕቶፕ

ጥያቄ፦ «ድሬዳዋ ሳቢያን አካባቢ ትንሽ የጽሕፈትና የፎቶ ኮፒ ቤት አለችኝ። እዚሁ ድሬ ካለው ታይዋን ገበያ ያገለገለ ላፕቶፕ ገዛሁ። ከዱባይ የመጣ ነው፤ ኮር አይ ፋይቭ፣ ስምንተኛ ጀነሬሽን። ሻጩ ዊንዶውስ 11 አክቲቬት መሆኑን ከፍቶ አሳይቶኛል። አምስት ወር ገደማ ያለ ችግር ሠራሁበት። አሁን በስክሪኑ ታች በቀኝ በኩል ‹አክቲቬት ዊንዶውስ› የሚል ጽሑፍ ወጥቶ አልጠፋ አለኝ። አንድ ልጅ በ500 ብር ክራክ አደርግልሻለሁ ይላል። ሌላው ደግሞ በ30 ቀን ውስጥ ካላስተካከልሽው ኮምፒውተሩ ይዘጋል፣ ፋይልሽም ይጠፋል ብሎ አስፈራራኝ። የደንበኞቼ ሥራ ሁሉ እዚያ ውስጥ ነው። ምን ባደርግ ይሻላል?»

ምላሽ፦ እህቴ፣ መጀመሪያ ተረጋጊ። ፋይልሽ አይጠፋም፤ ላፕቶፕሽም አይዘጋም። ክራኩን፣ ማለትም ፈቃዱን በማጭበርበር የሚያልፈውን ፕሮግራም፣ ግን እንዳታስነኪው። ከጻፍሽልኝ ነገር ተነስቼ ስገምት ላፕቶፕሽ የራሱን ሕጋዊ ፈቃድ በሆዱ ይዞ ሊሆን ይችላል። እንደዚያ ከሆነ ችግርሽ ያለ ምንም ክራክ ይፈታል። እንዴት እንደሆነ በዝርዝር ልንገርሽ።

ጽሑፉ የሚለው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ ዊንዶውሱ ፈቃዱን ማረጋገጥ አልቻለም። በዚህ ምክንያት የሚቆለፍብሽም ጥቂት ነገር ነው። የጀርባ ምስል፣ ቀለምና የመሳሰለውን ከሴቲንግስ ገብተሽ መቀየር አትችዪም። ጽሑፉም ከጥጉ አይነቃነቅም። ፕሮግራሞችሽ ይሠራሉ፣ ፕሪንተርሽ ያትማል፣ የደህንነት አፕዴትም መምጣቱን አያቆምም።

የ30 ቀኑ ወሬ ከየት መጣ? ያስፈራራሽ ሰው ከሜዳ ተነስቶ አልተናገረም። የድሮ ነገር ሰምቶ ነው። እ.ኤ.አ. በ2001 ዊንዶውስ ኤክስፒ ሲወጣ አክቲቬሽን አብሮት መጣ። 30 ቀን ይሰጥሻል፤ ካለፈ ግን አክቲቬት ሳታደርጊ ዴስክቶፑን አያስገባሽም ነበር። ቀጥሎ የመጣው ቪስታም መጀመሪያ ላይ ጥብቅ ነበር። ጊዜው ሲያልቅ ብሮውዘር ብቻ ይከፍትልሽና ከአንድ ሰዓት በኋላ ያስወጣሽ ነበር። ብዙ ሰው ስላማረረ እ.ኤ.አ. በ2008 ሰርቪስ ፓክ 1 በተባለው ትልቅ ማሻሻያ ላይ ይህ ቀረና በማስጠንቀቂያና በጥቁር ስክሪን ተተካ። ዊንዶውስ 7ም ስክሪኑን ከማጥቆርና ከማስጠንቀቅ ያለፈ ነገር አላደረገም። በእነዚያ ጊዜያት እንኳ ፋይል የሰረዘ ዊንዶውስ የለም። አሁንም ጊዜው ሲያልቅ በየሰዓቱ የሚዘጋ አንድ ዓይነት አለ፤ ለሙከራ ተብሎ ለ90 ቀን የሚሰጠው። እሱ ግን ‹ኢቫሉዌሽን› የሚል ቃል በስክሪኑ ላይ በግልጽ ይጻፍበታል። ያንቺ ያንን አይልም።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንግባ። ከጥያቄሽ ውስጥ በጣም የሳበኝ «አምስት ወር ገደማ ያለ ችግር ሠራሁበት» ያልሽው ነው። ሰው ይህን ሲሰማ «ሻጩ አታለለኝ» ይላል። ሊሆን ይችላል። ሳያታልልሽም ይህ ሊሆን ይችላል።

ኤክስፒ ሲወጣ በመቶ የሚቆጠር ኮምፒውተር ያለው መሥሪያ ቤት እያንዳንዱን ለየብቻ አክቲቬት ላድርግ ቢል ሥራ ሊፈታ ሆነ። ስለዚህ ማይክሮሶፍት ለትልልቅ ደንበኞቹ አክቲቬሽን የማይጠይቅ የጅምላ ኪይ፣ ማለትም የፈቃድ መክፈቻ ኮድ፣ ሰጠ። ከነዚያ ኪዮች አንዱ ኤክስፒ ገና ገበያ ላይ ሳይውል ሾልኮ ወጣ። በአጭር ጊዜ ውስጥ ዓለምን አዳረሰ። እ.ኤ.አ. በ2002 የወጣው የኤክስፒ ሰርቪስ ፓክ 1 ያንን ኪይ ቢያግድም ነገሩ ከእጅ ወጥቶ ነበር። ማይክሮሶፍት ከቪስታ ጀምሮ አሠራሩን ለወጠ። ለመሥሪያ ቤቶች ኬኤምኤስ የሚባል ነገር አመጣ።

ኬኤምኤስ እንዲህ ይሠራል። ድርጅቱ የራሱ ሰርቨር፣ ማለትም ሌሎቹን የሚያገለግል ዋና ኮምፒውተር፣ ላይ ይተክለዋል። የሠራተኞቹ ኮምፒውተሮች ፈቃዳቸውን ማይክሮሶፍትን ሳይሆን ያንን ሰርቨር ይጠይቃሉ። ሰርቨሩ የሚሰጣቸው ፈቃድ ለ180 ቀን ብቻ ነው። ኮምፒውተሩ በየ7 ቀኑ ተመልሶ ይጠይቃል፤ ባገኘው ቁጥር 180ው ቀን እንደ አዲስ ይጀምራል። ሠራተኛው ቢሮ እስከተመላለሰ ድረስ ምንም አይሰማውም።

አሁን ያ ድርጅት አሮጌ ላፕቶፖቹን ሸጠ እንበል። ዱባይ ተሰብስበው፣ በጅቡቲ በኩል ይሁን በሌላ፣ ድሬ ገቡ። ዊንዶውሱ ያው የድርጅቱ ነው። ሻጩ ሲከፍትልሽ በትክክልም አክቲቬት ነው፤ 180 ቀኑ ገና አላለቀም። ሥራ የለቀቀ ሰው በኪሱ የቀረችውን የመሥሪያ ቤት መታወቂያ ቀኗ እስኪያልፍ ያሳያል፤ ማሳደስ ግን አይችልም። ላፕቶፕሽም ሳቢያን ተቀምጦ ያንን የሩቅ አገር ሰርቨር ሲፈልግ ከረመ። አላገኘውም። ቀኑ አለቀና ጽሑፉ ወጣ።

ይህ ግምት ነው፤ አንቺው ታረጋግጪዋለሽ። ሴቲንግስ ክፈቺ፣ ሲስተም ውስጥ ግቢ፣ ከዚያ አክቲቬሽን የሚለውን ንኪ። ሁለት ነገር ተመልከቺ። አንደኛው ኤዲሽን የሚለው ነው፤ ሆም፣ ፕሮ ወይም ኢንተርፕራይዝ ይላል። ኢንተርፕራይዝ ካለ በሱቅ የሚሸጥ ዊንዶውስ አይደለም፤ የድርጅት ነው። ሁለተኛው የስህተት መልእክቱ ነው። ‹የኦርጋናይዜሽንዎን አክቲቬሽን ሰርቨር ማግኘት አልቻልንም› የሚል ሐሳብ ያለው የእንግሊዝኛ ዓረፍተ ነገር ካየሽ ፈቃዱ በኬኤምኤስ መንገድ የመጣ ነው ማለት ነው፤ የድርጅቱ ይሁን የሻጩ ክራክ ግን ይህ ብቻውን አይለይልሽም። 

ሕጋዊ ፈቃድ በሆዱ ሊኖር ይችላል ያልኩት ለዚህ ነው። ከዊንዶውስ 8 ጀምሮ፣ ማለትም እ.ኤ.አ. ከ2012 ወዲህ፣ ትልልቆቹ አምራቾች ዊንዶውስ ጭነው የሚሸጡትን ላፕቶፕ ኪይ ፋብሪካ ውስጥ የላፕቶፑ ዋና ሰሌዳ በሆነው ማዘርቦርድ ላይ ይጽፉታል። ድሮ ከሥሩ የሚለጠፈው ባለ 25 ፊደልና ቁጥር ወረቀት የቀረው በዚህ ምክንያት ነው። ድርጅቱ ላፕቶፑን ሲገዛ በውስጡ ፕሮ ነበረበት፤ ከዚያ የአይቲ ክፍሉ በላዩ ላይ ኢንተርፕራይዝ ጫነ። የፋብሪካው ኪይ ግን አልጠፋም። ፎርማት ቢደረግ፣ ሃርድ ዲስኩ ቢቀየር እዚያው ነው። ገልብጠሽ ከሥሩ እዪው። ‹ዊንዶውስ› የሚል ትንሽ የሚያብረቀርቅ ስቲከር ካለው ጥሩ ምልክት ነው። ስቲከሩ በአገልግሎት ብዛት ተልጦም ሊሆን ስለሚችል ባይኖር ተስፋ አትቁረጪ። ባለሙያ ኪዩን ከማዘርቦርዱ በአንድ ትእዛዝ ሊያነብልሽ ይችላል።

እንግዲህ መፍትሔው ትክክለኛውን ኤዲሽን በንጹሕ መንገድ መጫን ነው። እዚህ ላይ ከተማችን ውስጥ በየቀኑ የሚደገም ነገር አለ። ላፕቶፑ ከፋብሪካ ይዞ የመጣው የሆም ኪይ ነው። ባለሙያው ፍላሹ ላይ ያለው ፕሮ ነው። ለሁሉም ደንበኛ እሱኑ ይጭናል። የሆም ኪይ ፕሮን አይከፍትም። ከዚያ «አክቲቬት አልሆነም» ይባልና ክራክ ይደረጋል። ደንበኛው በእጁ ያለውን ፈቃድ ጥሎ የተሰረቀ ነገር ተጫነለት ማለት ነው። ከዚራ ካለችው ሱቄ ከሚገቡት ላፕቶፖች ብዙዎቹ የተበላሹት እንዲህ ነው፤ ሳየው ሁልጊዜ ያናድደኛል።

ስለዚህ ፍላሹ በማይክሮሶፍት በራሱ ፕሮግራም፣ ሚዲያ ክሬሽን ቱል በሚባለው፣ የተዘጋጀ ይሁን። 8 ጊጋ ወይም ከዚያ በላይ የሚይዝ ባዶ ፍላሽ ይበቃል። ከዚህ ፍላሽ ሲጫን ዊንዶውሱ ማዘርቦርዱ ላይ ያለውን ኪይ ራሱ አንብቦ ኤዲሽኑን ብዙውን ጊዜ ሳይጠይቅ ይመርጣል። ኪይ አስገቢ ካለሽ ‹ኪይ የለኝም› የሚለውን መርጠሽ ከተነበበው ኪይ ጋር የሚስማማውን ኤዲሽን ምረጪ። ኢንተርኔት ሲያገኝ አክቲቬሽኑ በራሱ ያልቃል። ስምንተኛ ጀነሬሽን ዊንዶውስ 11ን በይፋ የሚቀበል ስለሆነ በዚያ በኩል ችግር የለብሽም። የዊንዶውስ 10 ኪይም ለ11 ይሠራል።

ከመጫኑ በፊት ግን ሁሉንም ነገር ወደ ውጭ ሃርድ ዲስክ ገልብጪ። ዴስክቶፕ፣ ዶክዩመንትስ፣ ዳውንሎድስ፣ ከዋትስአፕና ከቴሌግራም ያወረድሽው፣ የአማርኛ ፎንቶችሽ። ብሮውዘሩ ላይ የተቀመጡ የይለፍ ቃሎችሽንም ጽፈሽ ያዢ። «ሲ ድራይቭ ብቻ ነው የሚጠፋው» የሚልሽን አትመኚ። ገልብጠሽ ስትጨርሺ ሁለት ሦስት ፋይል ከሃርድ ዲስኩ ላይ ከፍተሽ እዪ።

ሁለት እንቅፋት ሊያጋጥምሽ ይችላል። አንዱ ከባድ ነው። ከተጫነ በኋላ ገና ሲከፈት የአንድ ድርጅት ስም አውጥቶ የሥራ ኢሜይል አስገቢ ካለሽ ላፕቶፑ ከዚያ ድርጅት መዝገብ አልወጣም ማለት ነው። ረስተውት ሊሆን ይችላል፤ ተሰርቆም ሊሆን ይችላል። አንቺ የምትፈቺው አይደለም። ፎቶ አንሺና ይዘሽው ወደ ሻጩ ሂጂ።

ሌላው ቀላል ነው፤ ግን ብዙ ሰው ያደክማል። ሰዓቱን እዪ። ያገለገለ ላፕቶፕ ሳይከፈት ሲከርም ማዘርቦርዱ ላይ ያለችው ሳንቲም የምትመስል ባለ 3 ቮልት ባትሪ ትሞታለች። ያኔ ቻርጀሩ ተነቅሎ ዋናው ባትሪም ባለቀ ቁጥር ቀኑ ወደ ድሮ ይመለሳል። ቀኑ የተሳሳተ ኮምፒውተር ከማይክሮሶፍት ሰርቨር ጋር የተጠበቀ ግንኙነት መፍጠር ስለማይችል አክቲቬሽንም አፕዴትም እምቢ ይላል። ሰው ይህን ሳያይ ክራክ ፍለጋ ይሄዳል። ቀኑን አስተካክዪ፣ የሰዓት ቀጠናውን ናይሮቢ የሚለው ላይ አድርጊ፣ እንደገና ሞክሪ።

አሁን ስለ ክራኩ ልንገርሽ። ከላይ የነገርኩሽ ኬኤምኤስ ቢያንስ 25 ኮምፒውተር ካልጠየቀው ዊንዶውስ አክቲቬት ማድረግ አይጀምርም። ስለዚህ የሰፈር ልጅ «በኬኤምኤስ አደርግልሻለሁ» ካለሽ እውነተኛ ሰርቨር የለውም። ላፕቶፕሽ ውስጥ የሐሰት ሰርቨር የሚያስመስል ፕሮግራም ሊተክልብሽ ነው። ፕሮግራሙ 180 ቀኑን በየጊዜው እንዲያድስ ከጀርባ ሁልጊዜ መኖር አለበት። ማን እንደጻፈው አታውቂም። በአድሚን ሥልጣን ይሠራል፤ ማለትም ላፕቶፕሽ ላይ አንቺ የምትችዪውን ሁሉ ይችላል።

ሲሠሩት ቁጭ ብለሽ ብታዪ የመጀመሪያ ሥራቸው አንቲቫይረሱን ማጥፋት ነው። የዊንዶውስ ዲፌንደር ክራኩን እንዳይዝባቸው ነው። ቀጥሎ ዲፌንደር ውስጥ ‹ኤክስክሉዥን› የሚባል ዝርዝር ላይ አንድ ቦታ ያስገባሉ፤ «እዚህ ጋ እንዳትፈትሽ» ማለት ነው። በቅርቡ የአንድ ነጋዴ ላፕቶፕ መጣልኝ። ያንን ዝርዝር ስከፍት የተጻፈው አንድ ፎልደር አልነበረም። ሙሉው ሲ ድራይቭ ነበር። ዲፌንደሩ አረንጓዴ ምልክቱን ያሳያል፣ ባለቤቱም ጥበቃ ያለው ይመስለዋል፤ ግን ምንም ነገር አይፈትሽም። ያንቺንም አሁኑኑ እዪው። ዊንዶውስ ሴኩሪቲ፣ ቫይረስ ኤንድ ትሬት ፕሮቴክሽን፣ ማኔጅ ሴቲንግስ፣ ወደ ታች ወርደሽ ኤክስክሉዥንስ። ባዶ መሆን አለበት።

እ.ኤ.አ. በ2021 መጨረሻ ላይ በስም በጣም የታወቀ የዊንዶውስ ክራክ መስለው የሚወርዱ ፋይሎች የይለፍ ቃልና የዲጂታል ገንዘብ ቦርሳ የሚሰርቅ ቫይረስ ይዘው መገኘታቸውን የደህንነት ባለሙያዎች አጋልጠዋል። ክራኩ ይሠራል፤ ጽሑፉም ይጠፋል። ሌባው ግን ገብቷል።

ያንቺ ሥራ ደግሞ ከሌላው ሰው ይለያል፤ ይህን ምላሽ ያስረዘምኩትም ለዚህ ነው። ወዳንቺ ቤት ተማሪው አሳይመንቱን፣ ሥራ ፈላጊው ሲቪውን፣ ሌላው የፋይዳ መታወቂያውን ሊያሳትም ይመጣል። የፓስፖርት ኮፒ፣ የባንክ ደረሰኝ፣ የልጆች የልደት ካርድ በዚያ ላፕቶፕ ውስጥ ያልፋል። ቀኑን ሙሉ ፍላሽ ይሰካል፣ ይነቀላል። ፎልደሩን ሁሉ ሾርትከት የሚያደርገውን ቫይረስ ታውቂዋለሽ፤ ድሬ ውስጥ ያላየው የጽሕፈት ቤት ያለ አይመስለኝም። አንቲቫይረሱ የታወረ አንድ ላፕቶፕ ከመጀመሪያው ፍላሽ ይይዝና ከሱ በኋላ ለሚመጣው ሁሉ ያድላል። ሰዎቹ ያመኑት አንቺን ነው።

የሕጉንም ነገር ልንገርሽ። የአገራችን የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ፣ ቁጥር 410/1996፣ የኮምፒውተር ፕሮግራምን እንደ መጽሐፍ ሁሉ ጥበቃ የሚደረግለት ሥራ አድርጎ ነው የሚቆጥረው። ነገሩን የሩቅ አገር ሀብታም ኩባንያ ጉዳይ ብቻ አድርገን ማየት ለምደናል። አማርኛ የምንጽፍባቸውን ፕሮግራሞች የሠሩ ኢትዮጵያውያንም እኮ ሥራቸው በየፍላሹ ያለ ክፍያ ሲዞር ነው የኖረው። እኔ ይህን ቀላል ነገር አድርጌ ማየት አልችልም።

ማዘርቦርዱ ላይ ኪይ ባይገኝስ? የዊንዶውስ 11 ሆም ዋጋ አሜሪካ ውስጥ 139 ዶላር፣ ፕሮ 199 ዶላር ነው። ለትንሽ የፎቶ ኮፒ ቤት ከባድ ነው፤ ከዚህ ሆኖ በዶላር መክፈሉም ሌላ ጣጣ ነው። በቴሌግራም «ኦሪጅናል ኪይ» እየተባለ በርካሽ የሚሸጠውንም አልመክርሽም። አብዛኛው ከድርጅት የጅምላ ፈቃድ የተቀነሰ ነው። ለጊዜው ይሠራል፤ ማይክሮሶፍት ሲያግደው ሻጩን የት ታገኚዋለሽ? ይልቅ ወደ ሻጭሽ ተመለሺና «አክቲቬት ነው ብለህ ነው የሸጥክልኝ» በይው። ያ ካልሆነ ሊኑክስ ሚንትን አስቢበት። ነፃ ነው፣ አክቲቬሽን የሚባል ነገር አያውቅም፣ ለዊንዶውስ የተጻፉትም ሾርትከት ቫይረሶች እሱ ላይ አይነሱም። ከመጫንሽ በፊት ከፍላሽ ላይ አስነስተሽ ፕሪንተርሽና ስካነርሽ እንደሚሠሩ ፈትኚ። አንዳንድ ፕሪንተር ያስቸግራል። እስክትወስኚ ድረስ ጽሑፉ እያለ መሥራት ፈቃድ አለሽ ማለት አይደለም፤ የማይክሮሶፍት ውል ዊንዶውሱ አክቲቬት እንዲሆን ይጠይቃል። ለደህንነትሽ ግን ከክራኩ እጅግ ይሻላል።

ኦፊስን ከዊንዶውስ ጋር አታምታቺ። ፈቃዱ ለብቻው ነው። ዊንዶውሱ አክቲቬት ሆኖ ዎርድ ሊቆለፍ ይችላል። ፈቃዱ ያለቀበት ዎርድ ፋይል ከፍቶ ያሳያል፣ ያትማል፤ መጻፍና ማረም ግን አይፈቅድም። ለአንቺ ሥራ ይህ ከጥጉ ጽሑፍ የበለጠ ችግር ነው። ሊብረኦፊስ የዎርድ ፋይሎችን ይከፍታል፣ በዩኒኮድ አማርኛም በደንብ ይጽፋል፤ ነፃ ነው። አልፎ አልፎ ሰንጠረዥና የገጽ አሰላለፍ ስለሚያዛባ ለደንበኛ ከማተምሽ በፊት ገጾቹን እዪ።

አንድ ነገር ለድሬ ሰው ልጨምር። እዚህ ሙቀቱና አቧራው፣ መብራት ሄዶ ሲመጣ የሚፈጥረው የኃይል መዋዠቅም ተጨምሮ፣ ማዘርቦርድ ይበላል። ማዘርቦርድ ሲቀየር ዊንዶውሱ ሌላ ኮምፒውተር ውስጥ የገባ ይመስለዋል። ፋብሪካው የጻፈው ፈቃድም ከአሮጌው ማዘርቦርድ ጋር ይሄዳል። አንዳንዴ በምትኩ የሚገባው የራሱን ኪይ ይዞ ይመጣል፤ ስትገዢ ጠይቂ። ማራገቢያውን በየጊዜው አስጠርጊው፣ ላፕቶፑን ያለ ስታቢላይዘር አትሰኪው።

ያንን ልጅ ደግሞ አታባሪው። ሥራ ፈልጎ ነው። 500 ብሩን ለክራክ ሳይሆን ለዚህ ሥራ ስጪው። ፋይልሽን አብሮሽ ይገልብጥ፣ ኪዩን ከማዘርቦርዱ ያንብብ፣ በንጹሕ ፍላሽ ይጫን፣ ዲፌንደሩን ሳይነካ ይተው። ሲጨርስ የአክቲቬሽኑን ገጽ አስከፍቺው። ‹ዲጂታል ላይሰንስ› የሚለውን ካየሽ ክፈዪው።